ባርኔጣ የማይደረግበት ቀን

«አንገትዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። እጁ የሽማግሌው ማጅራት ላይ ነው፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ።

«ዝቅ ካደረግኩ ቆየሁ» አሉ ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ። «አንተ ነህ ቀና ብለህ የቀረኸው። በዚህ አያያዝህ በበዓል ምድር ባለ አንድ ጆሮ አድርገህ ትሰደኛለህ።»

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። እሱም ለደንቡ ያህል ፈገግ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዋዜማ ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ወንድማማቾች በራፉ ላይ በአንድ ፊኛ ይጓተታሉ፤ እናታቸው በዓይኗ ትቆጣቸዋለች፤ ከውጭ የመኪና ጡሩምባና የሻጮች ጩኸት ይገባል። ወለሉ ላይ ጥቁሩም ሽበቱም ተደባልቆ ወድቋል፤ ለመጥረግ ጊዜ ያገኘ የለም። ሁለተኛው ወንበር ላይ ረዳቱ ሽቦ ይሠራል። ሽቦ እናቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ቅጥነቱ ያወጣለት ነው። ለምዶት አሁን በእውነተኛ ስሙ ቢጠሩት ዞር አይልም።

ሦስተኛው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ጥግ ላይ የቆመ፣ እግሩ ብረት፣ የመደገፊያው ቆዳ የተላላጠ አሮጌ ወንበር ነው። ንጹሕ ፎጣ ተጣጥፎ ተቀምጦበታል። መቆም የሰለቸው አንድ ጎረምሳ ሄዶ ሊቀመጥበት ሲል ሽቦ ከሩቅ ጮኸበት።

«ኧረ ተው! እሱ ተይዟል።»

«በማን?»

«በጌታው» አለና በአገጩ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጠቆመ።

ጎረምሳው ፀጉር አስተካካዩን ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አየውና ሳቁን አፈነ። እውነትም የሚያስቅ ራስ ነበር። ካለፈው በዓል ወዲህ መቀስ አልነካውም፤ ጆሮውን አልፎ አንገቱ ላይ ተጠቅልሏል። ሰው እንዳይጠይቀው ብሎ ሰሞኑን ባርኔጣ አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ሥራ ሲጀምር ስለሚሞቀው ግን ምስማር ላይ ይሰቅለዋል።

«ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ማለት ይሄ ነው» አሉ አስተማሪው በመስታወቱ እያዩት። «የእኛን ታሳምራለህ፤ አንተ ዱር ያደርክ ትመስላለህ። ለመሆኑ ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

«ባለቤትህስ? ልጅቷስ?»

«ሁሉም ደህና።»

ሽቦ አንገቱን ደፍቶ የደንበኛውን ፎጣ ማስተካከል ያዘ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

የወንበሩ ነገር የሚጀምረው ከፀጉር አስተካካዩ አባት ነው። አባቱም ፀጉር ቆራጭ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ የሰው ራስ ሲያሳምሩ ይኖሩና በየበዓሉ ዋዜማ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ፣ በሩን ገርበብ አድርገው እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ የእጅ ቶንዶሱን ለልጃቸው ያቀብሉታል። ኤሌክትሪክ የማያውቅ፣ ሁለት እጀታውን እየጨመቁ የሚቆርጡበት፣ ቂጭ ቂጭ የሚል ቶንዶስ ነው። «በል፣ አሁን ተራው የኔ ነው» ይሉታል። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ይጨምቃል። ቶንዶሱ ፀጉር ይነክሳል። አባት ፊታቸውን ጭምድድ ያደርጉና ምንም እንዳልሆነ ሰው «ጎበዝ፣ ቀጥል» ይላሉ። ሲያልቅ ራሳቸው ደረጃ በደረጃ ሆኖ፣ በአንዱ ጆሮ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ይገኛል።

እናቱ ይሄን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። «ነገ ሰው ፊት በዚህ ራስ ልትቀርብ ነው? ኧረ ባርኔጣህን አድርግ!»

ጥሩ ባርኔጣ ነበራቸው። በበዓል ቀን ግን አይነኩትም። «የልጄን እጅ ሥራ በባርኔጣ ልሸፍን?» ይላሉ። በማግሥቱ ጎረቤት መጥቶ፣ ወይም መንገድ ላይ ሰው አግኝቷቸው፣ «ኧረ ማነው እንዲህ የቀረደደህ?» ብሎ ሲስቅ፣ «ልጄ ነው» ይሉና ጎንበስ ብለው ያሳያሉ። የኋላው እንዳይቀርበት ብለውም ዞር ይሉለታል። ልጁ መጀመሪያ መጀመሪያ አፍሮ እናቱ ቀሚስ ኋላ ይደበቅ ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያሉ የሚተርቱትን ጎረቤቶች ሁሉ ጠምዶ ይዟቸው ነበር። አባቱ እየኮሩበት እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው። ከገባው በኋላ ከቀሚሱ ኋላ ወጥቶ አጠገባቸው መቆም ጀመረ፤ ሰዎቹም ሲስቁ አብሮ ይስቅ ነበር።

በተራው አባት ሲሆን አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። «እንግዲህ ቶንዶሱን የሚይዝልህ ጠፋ» ያሉት ነበሩ። እሱ ግን እጇ እጀታውን ለመጭመቅ የበረታ ዕለት የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አቆማት። ያን ዓመት ከጆሮው ኋላ ሳንቲም የሚያህል መላጣ ሠራችለት። ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ያኔ ትስቅ ነበር። እሱም በማግሥቱ ራሱን ገልጦ ሰፈሩን ዞረ። ከዚያ ጀምሮ ልጅቷን «አለቃ» ይላታል፤ ከእሷ እጅ በቀር ራሱን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

ከሚስቱ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። ዱላ የለ፣ ስድብ የለ። እሱ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ ውሎ ጆሮው ደክሞ ቤት ይገባል፤ እሷ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ሰው አጥታ ውላ ትጠብቀዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ቀን የሚነጋገሩት አለቀ። ልጅቷን ይዛ ወጣች፤ ውላ አድራም አንድ የባንክ ሠራተኛ አገባች። ሰውዬው ደግ ነው። ደግ መሆኑ ነበር የባሰው፤ ክፉ ቢሆን እኮ ቢያንስ የሚረግመው ሰው ያገኝ ነበር። ስምምነታቸው አጭር ነው፤ በዓሉ የእናት፣ ዋዜማው የአባት።

ይሄን ሁሉ ለደንበኞቹ ተናግሮ አያውቅም። የሰፈሩ ገመና እሱ ወንበር ላይ ይዘረገፋል፤ የራሱን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

አስተማሪውን ጨርሶ ፎጣውን ሲያራግፍ ስልኩ ጮኸ። የልጅቷ እናት ናት። «አንድ ጊዜ» አለና መጋረጃውን ገልጦ ፎጣ ወደሚታጠብባት ጓዳ ገባ።

«ሥራ ላይ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ አላቆይህም» አለች።

«ምነው? ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ነገ ጠዋት ነበር የምንነሳው፤ ወደ ዛሬ ዞሯል።»

«ወደ ባለቤትሽ ቤተሰቦች?»

«ስማኝ። በዓሉን እዚያ ልናሳልፍ ነው ብዬህ ነበር። በዓሉ ብቻ አይደለም። የሱ ዝውውር ተፈቅዷል። እዚያው ልንቀር ነው።»

የተገለበጠ ባልዲ አጠገቡ ነበር፤ ተቀመጠበት።

«እዚያው ማለት እስከ መቼ?»

«እስከ መቼ የለውም። ኑሮ ነው።»

«አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«አታውቅም። ለበዓል ብቻ ነው ያልናት። በዓሉ ይለፍና ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። አደራህን፣ አንተም እንዳትነግራት። ከነገርካት በዓሉ ለቅሶ ነው የሚሆንባት። ትምህርት ሲዘጋ እልክልሃለሁ፤ እሱን አልከለክልህም።»

መጮኽ ፈልጎ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ አንዱ «ጌታው የት ገባ?» ይላል። ጩኸቱን ዋጠው።

«ዛሬስ ትመጣለች?» አለ።

«ይዘናት እናልፋለን። ግን አታስቆያት። ሳይመሽ ከከተማ መውጣት አለብን።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ ስንት ራስ እንደቆረጠ አያውቅም። እጁ በልማድ ይሠራል። ልጆች «ኧረ ያመኛል» ሲሉ ያባብላል፤ ጎረምሶች «ከጎኑ ሳሳ አድርገው» ሲሉ ያሳሳል። ልቡ ግን አንድ ነገር ላይ ተቸንክሯል። ትምህርት ሲዘጋ በዓል የለም። በሚቀጥለው ዋዜማ ልጁ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው ጋ ትሆናለች። እያደገች ትሄዳለች፤ ቶንዶስ መያዝ የሕፃን ጨዋታ የሚመስላት ቀን ይመጣል። እንግዲህ ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ እሱንም እየሳቀ ማሳለፍ አለበት። ዓይኑ በር በር እያየ ቆየ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አንዲት ነጭ መኪና በራፉ ላይ ቆመች። ልጅቷ አዲስ ሹራብ ለብሳ፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ አዝላ፣ በተራ ጠባቂዎቹ መካከል እየተሽሎከለከች ገባች። የእናቷ ባል ከመሪው ኋላ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ፀጉር አስተካካዩም መለሰለት።

«አባዬ! ይሄ ምንድነው? ጫካ አብቅለሃል እኮ!»

«አለቃን ስጠብቅ ነዋ።»

«አለቃ ባትመጣስ?»

«አለቃማ ትመጣለች።»

ወንበሩ ላይ የነበረውን ፎጣ አንስታ አራገፈችው፤ ጯ! አደረገችው፣ ልክ እንደሱ። ተቀመጠ። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረችና ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ በመስታወቱ አየችው። መቆሚያ ሳጥን ካላስፈለጋት ቆይቷል፤ አሁን እሱ ሲቀመጥ እሷ ነች ከላይ የምታየው። ተራ ጠባቂዎቹ ወሬያቸውን አቁመው ይመለከቷቸዋል። ሽቦ አሮጌውን የቶንዶስ ሳጥን ከጓዳ አምጥቶ ከፈተላት።

«ምን ዓይነት ይሁንልዎ፣ ጌታዬ?» አለች ድምጿን አወፍራ። በየበዓሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ እሷ ባለሙያ፣ እሱ ደንበኛ።

«እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው ውድ ነው። ዋዜማ ስለሆነ እንተባበርዎታለን።» ቂጭ ቂጭ ማድረግ ጀመረች። «ኑሮ እንዴት ነው?»

«ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና?»

ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጠየቅ የኖረውን ነው የጠየቀችው። መልሱን እንደ ውሃ የጠጣው ሰው «ደህና ናቸው» ሊል አፉን ከፈተ። በመስታወቱ ውስጥ የልጁን ዓይን አየ፤ መልሳ አየችው።

«አንድ ልጅ አለችኝ» አለ በመጨረሻ።

«ጎበዝ ናት?»

«በጣም ጎበዝ ናት። እጇ ግን ትንሽ ጠመም ይላል።»

ኩርኩም ቀመሰ። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ልጅቷ ከቀኝ በኩል ጀምራ ቀስ እያለች ትሠራለች። ሌላ ጊዜ ቸኩላ ነበር የምትጨርሰው። ዛሬ አንድ ጊዜ ታስኬድና ቆም ብላ ታያለች፤ እፍ ትላለች፤ ተመልሳ ታለሰልሳለች። ቶንዶሱም አልነከሰውም። በመስታወቱ ሲያይ የቀኝ ጎኑ ደረጃ የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ለምዳለች። ሽቦ እንኳ ሥራውን ትቶ ዓይኑን አፍጧል። ፀጉር አስተካካዩን ግን ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ያዘው፤ ልጁ እጇ ቀና፣ የቀናውም በመጨረሻው ቀን ነው።

ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። አንድ ጊዜ፣ ቆይቶ ደግሞ።

«እየጠሩሽ ነው» አለ።

«ይጠብቁ።»

እናቷ ራሷ ከመኪናው ወርዳ በራፉ ላይ ቆመች። ገብታ ካየችው ብዙ ጊዜዋ ነው። «እንኳን አደረሰህ» አለች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«እንሂድ እናቴ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ግማሹ ቀርቶኛል እኮ!»

እናቲቱ የፀጉር አስተካካዩን ራስ አየች። በቀኝ የበዓል ሰው፣ በግራ የዱር ሰው። ከንፈሯ ሳቅ ሊል ሲል ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «ሽቦ ይጨርስለታል፤ ምን ችግር አለ?»

«አይጨርስም!»

ልጅቷ እንዲህ ጮኻ ስትናገር አይቷት የሚያውቅ አልነበረም። ሽቦ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፤ «እኔ የለሁበትም» እንደማለት። አባትየው ፎጣውን እንዳሰረ ተነሳና ትከሻዋን ያዘ። ሁለት ቃል ቢጨምር እንባው እንደሚቀድመው ያውቃል፤ ስለዚህ አሳጠረው።

«ሂጂ። ስትመለሺ ትጨርሺዋለሽ።»

«ማንም እንዳይነካው።»

«ማንም አይነካውም።»

«ማልልኝ።»

«በአባቴ ወንበር።»

አመነችው። «እሺ፣ ዕቃውን ግን እኔ ነኝ የምከተው» ብላ ቶንዶሱንም ሳጥኑንም ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሽቦም ፎጣ ሊያመጣ ተከትሏት ገባ። ትንሽ ቆየች። ስትወጣ አባቷን አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ አዲሱ ሹራቧ ላይ የሱ ፀጉር ተጣበቀ፤ ሊያራግፍላት ሲል «ተወው» አለችው። ከዚያ ሄደች። እሱ ፎጣውን እንዳሰረ በራፉ ድረስ ወጣ። መኪናዋ እስክትታጠፍ ቆመ፤ ልጅቷ ግን ዞር ብላ አላየችውም። ልጅ ናት፣ መንገድ ደስ ብሏታል ብሎ ራሱን አጽናና፤ ቢሆንም ቅር አለው።

ሲመለስ ሰዉ ሁሉ ያየዋል። መጀመሪያ የደፈረው ያ ጎረምሳ ነው። «ጌታው፣ አዲስ ፋሽን ነው እንዴ? ለእኔም ሥራልኝ!»

«ለአንተ ዕድሜህ አልደረሰም» አለና ወንበሩን አሳየው። «ተቀመጥ፣ ተራህ ነው።»

በግማሽ ራሱ ሥራውን ቀጠለ። ልጆች በጣታቸው ይጠቁሙታል፤ እናቶች ይቆነጥጧቸዋል። ሽቦ በየመሀሉ አጠገቡ እየመጣ «ጋሼ፣ አንዴ ቁጭ በልና ላስተካክልልህ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ይለዋል። እሱ «ደንበኛህን ጨርስ» ይለዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ፊኛቸው ፈንድቶ፣ ራሳቸው አምሮ ወጡ። ሽቦ መጥረጊያውን አነሳ። ውጭ ገና ብርሃን ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ የቶንዶሱን ሳጥን ከጓዳ አወጣ። በየበዓሉ ዋዜማ ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ይሄም ከአባቱ የመጣ ነው። ሳጥኑ ቀለለው። ከፈተው። ጨርቁ አለ፣ የዘይቱ ጠርሙስ አለ፤ ቶንዶሱ የለም።

«ሽቦ! ቶንዶሱን የት አደረጋችሁት?»

ሽቦ ያልሰማ መስሎ መጥረጉን ቀጠለ።

«አንተን ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ አትቆጣኝ። ቃል አስገብታኝ ነው።»

«ማን?»

«አለቃ። ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አየኋት። ‹ኧረ የአባትሽ ነው፣ አስቀምጪ› አልኳት። ‹እኔ ጋ ካለ ሌላ ሰው አይጨርሰውም› አለችኝ። ‹በቅርቡ ትመለሺ የለም እንዴ?› ስላት፣ ‹አንመለስም› አለችኝ። ‹እነሱ አልነገሩኝም፤ ድመቴን ግን ለጎረቤት ሰጥተዋታል። ለበዓል የሚሄድ ሰው ድመቱን ይሰጣል እንዴ?› አለች።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳጥኑን እንደያዘ አሮጌው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሌላስ ምን አለች?»

«‹አባዬ አያውቅም። እንዳትነግረው፤ በዓሉ ይበላሽበታል› አለች።»

ለካ ጨዋታውን የያዘችው አውቃ ነው። «አለቃ ባትመጣስ?» ያለችው፣ ቀስ እያለች የቆረጠችው፣ ግማሹን ያስቀረችው፣ ዞር ብላ ያላየችው፣ ሁሉንም አውቃ ነው። እሱ ከሷ ሲደብቅ እሷ ከሱ ስትደብቅ፣ አንዱ ለሌላው በዓል ሲሳሳ፣ የነበራቸውን ትንሽ ጊዜ አንድ እውነት ሳይነጋገሩ ፈጁት። ያቺን የምታህል ልጅ ይሄን ሁሉ ሆዷ ውስጥ ይዛ ስትስቅ ዋለች። ከማን ተማረችው? ከእሱ ነው። «ደህና ናቸው» ማለትን ከአባቷ ነው የተማረችው። ይሄ ሲገባው ባዶው ሳጥን ላይ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ፤ ሽቦ ፊት አላፈረም፤ አፉን በፎጣ እንኳ አልሸፈነም።

ሽቦ እስኪወጣለት ጠበቀና ቀስ ብሎ መጣ። በአንድ እጁ የኤሌክትሪክ ቶንዶሱን ይዟል።

«እንግዲህ ታውቋል፣ ጋሼ። አሁንስ ልጨርስልህ። ነገ በዓል ነው፤ ሰው ምን ይላል? ደግሞ እስክትመጣ እኮ የተቆረጠውም ያድጋል፤ ግማሽ የነበረ መሆኑም አይታወቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ምያለሁ» አለ። «ነገ እንደዚሁ ነው የምውለው።»

ሽቦ ሄዶ ባርኔጣውን ከምስማሩ አወረደ፤ አቧራውን በክንዱ ጠረገለት። «እሺ በቃ፣ እስከ ቤትህ ይሄን አድርግ። መንገዱ ሰው በሰው ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን ተቀበለ። ጥሩ ባርኔጣ ነው። ቢያደርገው ማንም ምንም አይጠይቀውም፤ ሰላም ብሎ፣ ሰላም ተብሎ፣ «ቤተሰብ ደህና?» ሲሉት «ደህና» ብሎ እቤቱ ይገባል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አሮጌውን ወንበር አየ። ከዚያ ሄደና ባርኔጣውን ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

«ሽቦ፣ እንኳን አደረሰህ። በሩን ቆልፍ» ብሎ ወጣ።

መንገዱ እንደተባለው ሰው በሰው ነው። የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴትዮ፣ ለበዓል ያወጣችውን ዕቃ እያስገባች ነበር። አይታው የያዘችው ካርቶን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ውይ በሞትኩት! ምን ጉድ ነው? ራስህን ምን አገኘው?»

ቆመ። የምሽቱ አየር በተቆረጠው በኩል ይበርደዋል።

«ልጄ ናት የቆረጠችኝ» አለ።

«እና ግማሹንስ?»

«ገና አልጨረሰችም። ሩቅ አገር ሄዳለች፤ ከእናቷ ጋር። እኔና እናቷ ከተለያየን ቆይቷል፤ አልነገርኳችሁም እንጂ።»

ሴትዮዋ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሱ ግን ፈገግ አለላትና፣ ጥርት ብሎ የወጣው የቀኝ ጎኑ በደንብ እንዲታያት፣ ጎንበስ ብሎ ራሱን አሳያት።

«እይው እስኪ» አለ። «እጇ እንዴት ቀንቷል!»